የጋሽ ደምሴ ግራሞፎኖች ሐራጅ የወጡ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከሰባተኛ ወደ ሲኒማ ራስ በእግሬ ስወጣ፣ አንድ አልጋ ሠሪ በረንዳው ላይ ቁምሳጥን አጋድሞ ቫርኒሽ ይቀባል። ሽታው አፍንጫዬን ይዞ አቆመኝ። ሌላው ሰው የእናቱ ጓዳ ወይም የመጀመሪያ ፍቅረኛው ሽቶ ሲሸተው ሆዱ ይባባል፤ እኔን ግን ሲፈርድብኝ የሚያስለቅሰኝ ቫርኒሽ ነው። ቆሜ ቀረሁ። አልጋ ሠሪው ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ቁምሳጥን ፈልገው ነው?» አለኝ። ጋሼ! በዚህ ሰፈር «አንተ ቀልማዳ» ከመባል ወደ «ጋሼ» ያደግሁት መቼ እንደሆነ የነገረኝ የለም። «አይ፣ እያሸተትኩ ነው» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና ጣሳውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። «ማሽተት ነፃ ነው፤ እንዳይጠጡት ብቻ።» ሕንፃው ሁሉ ተለውጦ የመርካቶ አፍ አለመለወጡ ደስ አሰኘኝ፤ ደስታው ግን እስከ ማዶው አስፋልት እንኳ አላደረሰኝም።

ያኔ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሰዓት እላፊ የሚባለው ነገር ቀርቶ፣ ሰዉ አምሽቶ መግባትን እንደ አዲስ ሙያ ይማራል። ትናንት ቢሮ ለቢሮ ወረቀት ሲያመላልስ የነበረው ሁሉ ዛሬ ከዱባይ ጫማ አስመጣሁ ይላል። ሻይ በስሙኒ፣ ሳምቡሳ በስሙኒ ነበር፤ አንድ ብር የያዘ ሰው ጓደኛ ጋብዞ፣ ጫማ አስጠርጎ፣ ለራሱ ደግሞ መኩሪያ ይተርፈው ነበር። ጎረምሳው ሁሉ ወገቡ ላይ የተሸበሸበ ሰፊ ሱሪ ይለብሳል። የእኔዋ ሱሪ ስፋቷ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፤ ነፋስ በደህና ቀን ሲነፍስ እህል በረንዳ ላይ እግሬን አነሳሁ ማለት ሲኒማ ራስ አረፍኩ ማለት ነው። እዚያው ሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ካሴት የምሸጥባት ሱቅ ነበረችኝ። ሱቅ ማለት ማቆላመጥ ነው፤ ከመጥበቧ የተነሳ ደንበኛ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ሁለት የድምፅ ማጉያ ደጃፍ ላይ ሰቅዬ ከጧት እስከ ማታ ሰፈሩን አደነቁራለሁ። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ሁሉ «እ? ምን አልክ?» የሚሉት በእድሜ እንዳይመስላችሁ፤ የእኔ የእጅ ሥራ ነው።

ከእኔ ፊት ለፊት ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ጋሽ ደምሴ ዕድሜ ልካቸውን ግራሞፎን የሰበሰቡ ሰው ናቸው። አገር ለቅቆ ከሚሄድ ነጋዴ፣ ከሚዘጋ ሆቴል፣ የአባቱን ዕቃ በአደባባይ መሸጥ ካፈረ የባላባት ልጅ፣ ከየትም ገዝተው አምጥተዋል። ጡሩምባቸው እንደ ዱባ አበባ የተከፈተ፣ ሳጥናቸው የተቀረፀ፣ በእጅ እየተጠመዘዙ የሚሠሩ ናቸው። ሸክላውማ፣ ያ ጥቁሩ ክብ የዘፈን ሸክላ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ቤቱን የሚደግፈው እሱ ነበር ብል የሚከራከረኝ የለም። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ ነው፤ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በጡሩምባ መካከል ጎንበስ ቀና እያሉ ይኖራሉ። የተሰበረውን የሚጠግኑት ራሳቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ሌላ ጠጋኝ አልነበረም። እትዬ አስካለ ደግሞ ጆሯቸው ጉድ ነው። ሸክላው ገና ሲንኮሻኮሽ፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ማን እንደሆነ ይናገራሉ። «ትንፋሹን ሲስብ አወቅሁት» ይላሉ።

«አንተ ቀልማዳ!» ይሉኛል ጋሽ ደምሴ በራፋቸው ላይ ሆነው። «ይህ ካሴትህ ይዘፍናል ወይስ ያስላል?»

«የእርስዎስ ዘፋኝ ጋሼ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ነው መሰለኝ የሚጣራው። ገመድ ልላክለት?»

እትዬ አስካለ ከውስጥ ሆነው ይስቃሉ፤ እሳቸው ሲስቁ ጋሽ ደምሴ ይናደዳሉ። ሰፈሩ እንዲህ ነበር የሚውለው።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ ባሉበት ቀሩ። ከመጀመሪያ ሚስታቸው የተወለዱ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ክፉ ሰዎች ናቸው ብል እዋሻለሁ፤ ድርሻችን አሉ፣ ፍርድ ቤቱም አዎ ድርሻቸው ነው አለ። እትዬ አስካለ ቤቱን ማስቀረት የሚችሉት የልጆቹን ድርሻ በገንዘብ ከሰጡ ብቻ ነው። ገንዘቡ ሊገኝ የሚችለው ደግሞ ከግራሞፎኖቹ ነው። ስለዚህ ግራሞፎኖቹ ሐራጅ ይውጡ ተባለ። እነዚያ ሳጥኖች ደህና ከተሸጡ እትዬ አስካለ በሙሽርነት በገቡበት ቤት ያረጃሉ፤ ካልተሸጡ ይወጣሉ።

ከሐራጁ በፊት አቶ ዮናስ የሚባሉ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ከፒያሳ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ነጭ መሐረብ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። እትዬ አስካለ «አንተ ዘፈን ታውቃለህ፣ አብረኸኝ ሁን» ብለው ጠርተውኝ ነበር። አቶ ዮናስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሥዕል እንደሚያይ ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዱ። አንዱንም አልነኩም። ሲጨርሱ ግን ድምፃቸው ሾልኮ ጠፍቶ ነበር።

«እትዬ፣ እነዚህ የሚሸጡት በእርጅናቸው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ የተላጠው ቀለም፣ ይህ የጠቆረው ነሐስ፣ ይህች ጥጓ የተቀደደች የፋብሪካ ወረቀት፣ ዋጋቸው ይሄ ነው። አቧራውን እንኳ እንዳያራግፉት። ከውጭ የሚመጡ ሁለት ገዢዎች አሉኝ፤ እንዲህ እንዳሉ ካገኟቸው ቤትዎ ተረፈ ማለት ነው።»

«እንግዲያው እኔንም ይሽጡኝ፤ ከታጠብኩ ሰንብቻለሁ» አልኩ። እትዬ አስካለ ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

የሰማንያው ተዝካር የሚወጣው በጋሽ ደምሴ የትውልድ ቀዬ፣ በመንዝ ነበር። እኔም ዕቃ ልሸከም አብሬ ሄድኩ። እትዬ አስካለ የቤቱን ቁልፍ የሰጡት ለሐጂ ሸምሱ ነው። ሐጂ ሸምሱ አልጋና ቁምሳጥን ሠሪ፣ የግድግዳ ጎረቤት፣ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው፣ መጥረቢያና ብሩሽ ይዘው ያደጉ፣ ደግነታቸው ሰውን የሚያስጨንቅ ሰው ናቸው። ለቅሶ ሲደርሱ ከሐዘንተኛው በላይ ያለቅሳሉ፤ ሠርግ ሲጠሩ ሙሽራውን አልጋ ካልሸለምኩ ብለው ይጣላሉ።

«ሐጂ፣ አደራ» አሏቸው እትዬ አስካለ ቁልፉን ሲሰጡ።

«አስካለ እህቴ፣ ሰማይ ቢወድቅ እኔ በትከሻዬ ይዤ እጠብቅሻለሁ።»

የአቶ ዮናስን ነገር ያነሳ የለም። ለምን ይነሳል? ቤት ጠብቅ የተባለን ሰው «አቧራ እንዳታራግፍ» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ማን አለ?

ሳምንታችንን ጨርሰን ስንመለስ ቀኑ ገና ብሩህ ነው። ከአውቶቡስ ተራ ቦርሳ ተሸክሜ ስከተል፣ ሰፈሩ በሙሉ በራፉ ላይ ተሰልፎ ጠበቀን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። የምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ሳይቀሩ እጃቸውን ታጥበው ቆመዋል። ሐጂ ሸምሱ ከፊት ሆነው ቁልፉን እንደ ሜዳሊያ ያዞሩታል። የቫርኒሹ ሽታ የደረሰኝ በሩ ሳይከፈት ነው። እንግዲህ አፍንጫዬ የዚያን ቀን ተመታ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላገገመም።

በሩ ተከፈተ። ወገኖቼ፣ እኔ ማጋነን ልማዴ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ይህን ግን ማጋነን አያስፈልገውም። ሳጥኖቹ ሁሉ ተፍቀው፣ በላይ በላዩ ቫርኒሽ ጠጥተው እንደ ሙሽራ አልጋ ያብረቀርቃሉ። ጡሩምባዎቹ ወርቃማ ቀለም ተቀብተዋል። የጠቆረው ነሐስ በአሸዋ ታሽቶ ዓይን ይወጋል። የፋብሪካው ወረቀቶች «ቆሻሻ» ተብለው በቢላዋ ተፍቀው ወድቀዋል። የዛጉት ብሎኖች ወጥተው አዳዲስ ገብተዋል። ሸክላዎቹ አንድ በአንድ በአልኮል ተወልውለው፣ ፊታቸው ቀልጦ ግራጫ ጭጋግ ለብሶ፣ በአዲስ ላስቲክ ታሽገው ተደርድረዋል። ሐጂ ሸምሱ የሚያዞራቸው የብረት ሞላ እንዳይዝግ ብለው በሳጥኖቹ ሆድ ውስጥ ሳይቀር ቫርኒሽ አፍስሰዋል።

በመርካቶ ሕግ አሮጌ ማለት ገና ያልታደሰ አዲስ ማለት ነው። ዕቃ ለገበያ ሲወጣ ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ይወለወላል። ያንን ሳያደርግ የጎረቤቱን ዕቃ ለሐራጅ ያቀረበ ሰው በዚህ ሰፈር ጠላት ይባላል። ዕድሩ በሙሉ ሥራውን ጥሎ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ሳምንት ሙሉ ለእትዬ አስካለ ቤት ሲፋለም ነበር የከረመው።

«አየሽ አስካለ!» አሉ ሐጂ ሸምሱ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ። «ደምሴ ራሱ ከመቃብር ቢነሳ የገዛ ዕቃውን አያውቀውም!»

እውነታቸውን ነው፤ አያውቁትም ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ ብቻ ከፈትኩ። እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ። ጥፍራቸው በዚያ ወፍራም ጃኬት አልፎ ሥጋዬ ገባ። ሰዉ ሁሉ ዓይን ዓይናቸውን ያያል። ከዚያ እትዬ አስካለ፣ ከባላቸው ተዝካር የመጡ ሴት፣ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወስደው እልል አሉ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። «ሐጂ፣ ወንድሜ፣ ምን ልበልዎ? እጃችሁ ይባረክ» እያሉ አንድ በአንድ ሳሟቸው።

ሰዉ ሲበተን ሁለታችን ብቻ ቀረን። እትዬ አስካለ አንዱ ግራሞፎን ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ፤ ቫርኒሹ ገና አልደረቀም ነበርና ተጣበቀባቸው።

«እትዬ፣ ከእህል በረንዳ በጆንያ አቧራ ላምጣ? መልሰን እናልብሳቸው» አልኩ። ለመቀለድ ነበር፤ ድምፄ ግን አልቀለደም።

«አንተ ቀልማዳ፣ በዕድሜህ አንድ ቀን ዝም ብለህ ታውቃለህ?»

«ተኝቼ ሳለ፤ ያኔም አንኮራፋለሁ።»

«እንግዲያው ተማር። ቤቱ ከሄደ ሄደ። ሐጂ ይህን ካወቁ ግን አይተርፉም፤ እኔ ደግሞ ሁለተኛ ለቅሶ የመቀመጥ አቅም የለኝም። ማልልኝ።» ማልኩ።

ሐራጁ የተደረገው እዚያው በራፉ ላይ ነው። ከፍርድ ቤት የተላከው ሐራጅ ባይ ጉንፋን ይዞት፣ ዋጋ ይጠራ ወይም ያስነጥስ አይለይም ነበር። አቶ ዮናስ ሁለቱን የውጭ አገር ገዢዎች አስከትለው መጡ። አንደኛው ረጅም፣ ሌላው አጭር ነው፤ ሁለቱም ገና ከሩቅ ሲያዩ ፈገግታቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። አቶ ዮናስ ጠጋ አሉ። አንዱን ጡሩምባ በመሐረባቸው ነካ አደረጉ፤ መሐረቡ ወርቃማ ሆነ።

«ይህን የሠራው ማን ነው?» አሉ።

«እጃችን ነው ጌታዬ!» አሉ ሐጂ ሸምሱ ደረታቸውን ነፍተው። «ከፈለጉ እርስዎንም እናድስዎታለን!»

ሰዉ ሳቀ። አቶ ዮናስ ፊታቸው ደም መስሎ ሊናገሩ ሲሉ፣ እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት በርጩማ ቀና ብለው አዩዋቸው። አቶ ዮናስ ጨዋ ሰው ነበሩ። መሐረቡን አጣጠፉ፣ ተጣጥፎ እስኪያልቅ አጣጠፉት። «እጅስ... እጅ ነው» አሉና ገዢዎቻቸውን ይዘው ሄዱ።

የቀረነው እኛው በእኛው ነን። አንድ ባለ ሆቴል «ይቺ ከመጋረጃዬ ጋር ትሄዳለች» ብሎ ጥቂቶቹን አነሳ። ፎቶ አንሺው ሙሽሮችን አጠገቡ አቆማለሁ ብሎ አንዱን ወሰደ። ሥጋ ሻጩ ጡሩምባውን ብቻ ንቀሉልኝ አለ። ሸክላዎቹን አንድ ሰው በጅምላ ጠቀለላቸው፤ ምን ያደርጉልሃል ስለው «የትኩስ ድስት ማሳረፊያ» አለኝ። ሐጂ ሸምሱ ዋጋው ሲሟሽሽ ጊዜ ተንገበገቡ። «እናንተ ሰዎች ዓይን የላችሁም? ይህ እኮ ፊት ያሳያል! ተላጩበት!» እያሉ፣ ገበያውን ለማሞቅ ራሳቸው ለትልቁ ግራሞፎን ጠሩ። የተከተላቸው የለም። ሐራጅ ባዩ አስነጠሰ፤ ዕቃው የሐጂ ሆነ።

ቤቱም ሄደ። ዛሬ በቦታው ሰማያዊ መስተዋት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ ሞባይል ይሸጥበታል። ሳልፍ መልኬን መስተዋቱ ውስጥ አያለሁ፤ ሆዴ ሰፍቶ ሱሪዬ ጠቧል።

እትዬ አስካለን ያስጠጓቸው ሐጂ ሸምሱ ናቸው። ከአልጋ መሥሪያው ጀርባ ያለችውን ክፍል ባዶ አደረጉላቸው። «ኪራይ የምትል ቃል ከአፍሽ ከወጣች እኔ ወጥቼ አንቺ ትገቢያለሽ» አሏቸው። ያንን ትልቅ ግራሞፎንም ሌላ ቫርኒሽ ደርበውበት፣ ራሳቸው ተሸክመው አምጥተው ራስጌያቸው አኖሩላቸው። በሁለቱ መካከል የነበረው ግድግዳ ጣውላ ነው፤ ሐጂ ወዲያ ሲያስነጥሱ እትዬ አስካለ ወዲህ ሆነው «ይማርዎ» ይላሉ።

«አስካለ፣ እስቲ አንዷን ዘፈን አሰሚን። የደምሴን ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል» አሉ ሐጂ አንድ ቀን። እኔም ሻይ ልጠጣ ጎራ ብዬ ነበር። ያንን ሳጥን በድብቅ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ሞላው ቫርኒሽ ውስጥ እንደ ማር ረግቶ ቀርቷል፤ እንኳን ሊዘፍን ሊቃትትም አይችልም። ጠጋኙ ደግሞ አፈር ውስጥ ናቸው።

እትዬ አስካለ ጥቁር ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ሐጂ፣ ሐዘን ላይ ነኝ እኮ። ከል ለብሼ እንዴት ዘፈን እከፍታለሁ?» አሉ።

«አስተግፊሩላህ! ረስቼ ነው እህቴ፣ ረስቼ ነው» አሉ ሐጂ፣ እስከ ጆሯቸው አፍረው።

ዓመቱ ሲሞላ የዕድሩ ሴቶች ጥቁሩን ሊያስወልቋቸው አዲስ ቀሚስ ገዝተው መጡ። እምቢ አሉ። በሁለተኛውም ዓመት እምቢ አሉ። ጥቁሩ ነጥቶ ቡናማ ሲሆን መልሰው አስነከሩት። ሰዉ ተደነቀ፤ «ባል እንደ ደምሴ፣ ሚስት እንደ አስካለ» ተባለ። በሰባተኛ የተጣሉ ባልና ሚስት ሁሉ በእሳቸው መሰዳደብ ጀመሩ፤ «ያቺ ለሙት እንዲህ ስትሆን አንቺ ለቋሚ ሽሮ ነሣሽ» እያሉ። እትዬ አስካለ ግራሞፎኑ አይሠራም ቢሉ ሐጂ ሊጠግኑት ይከፍቱታል፤ ከከፈቱት ደግሞ የገዛ ቫርኒሻቸውን ያገኙታል። ይህን የምናውቀው ሁለታችን ነን። ሐዘንተኛ ዘፈን ክፈች አይባልም፤ ስለዚህ ሐዘንተኛ ሆነው ቀሩ።

ዘፈን የሚባል ቤታቸው አልገባም፤ ሬዲዮም ቢሆን። ያ ትንፋሽ የሚለይ ጆሮ የመጋዝና የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ ዋለ። አንዳንድ ቀን ቅርጫታቸውን ይዘው በሱቄ ደጅ ያልፋሉ። እዚያ ሲደርሱ ነጠላቸው ትፈታለች፤ ቆመው ያስተካክሏታል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ያስተካክሏታል። እኔም ያላየሁ መስዬ ካሴቱን አዞረዋለሁ።

ካሴት ራሱ ሞተ። ሲዲ መጣ፣ እሱም አልቆየ። እኔ ሱቄን ዘግቼ ደላላ ሆንኩ፤ አፌ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም ብዬ። ሐጂ ሸምሱ አረጁ፤ ዓይናቸውን ጭሱና ቀለሙ በላው። አንድ ዓርብ ከስግደት ሳይመለሱ ቀሩ። የዚያን ቀን ሰባተኛ ሱቁን ዘጋ፤ መርካቶ በገዛ ፈቃዷ ስትዘጋ ያየሁት ያኔ ነው። እትዬ አስካለ ለገዛ ባላቸው ያላለቀሱትን ለቅሶ አለቀሱ።

በሳምንቱ ጥቁሩን አውልቀው ነጭ ቀሚስ ለብሰው ወጡ።

ሰፈሩ ጉድ አለ። «ለባሏ ያላወለቀችውን ለጎረቤት ሞት አወለቀች!» ተባለ። ከዚያም የባሰ ተባለ፤ ከጣውላው ግድግዳ ጋር እየተያያዘ ተባለ። ትናንት በስማቸው ሲምል የነበረው ሁሉ አፉን አጣመመባቸው። እኔ፣ አገር የሚያውቀኝ ለፍላፊ፣ ምላሴን ነክሼ ሰማሁ። ዛሬ የማወራው እሳቸውም ካረፉ፣ የሐጂም ልጆች ሱቁን ሸጠው ከሄዱ ወዲህ የሚጎዳ ሰው ስለሌለ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ የድሮ ቴፔን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ አዘውትረው ያጫውቱት የነበረ የክራር ዘፈን ካሴት ላይ ተቀድቶ ነበረኝ። ከጣውላው ወዲያ የሐጂ አልጋ መሥሪያ ተዘግቷል፤ መጋዝ የለ፣ መዶሻ የለ። እትዬ አስካለ በነጭ ቀሚሳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ። ከፈትኩት። ክራሩ ገና ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ ከንፈራቸው ስሙን አለ። የእግራቸው ጣት ቀስ እያለ ወለሉን መምታት ጀመረ።

ከዚያ ድንገት ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ጣውላው ግድግዳ ዞሩ፤ እጃቸውን በድንጋጤ ወደ ቴፑ ዘረጉ።

«ቀስ አድርገው እንጂ» አሉ በሹክሹክታ። «ሐጂ ይሰማሉ።»

ድምፁን ቀነስኩት።